«የአመለካከት ክፍተት አለባቸው» ስለተባልነው ሐኪሞች፦ ለክልላችን ጤና ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊ፣
ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር ክፍል፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የስኳር ታካሚዎችን የስልክ ክትትል ይመለከታል

ክቡራን ሆይ፣

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ታብሌቱ ላይ ከተደረደሩት ስሞች አሥራ አራተኛው ጋ ደርሼ ደወልኩ። ታካሚዬ ስልሳ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ወደ ሆስፒታላችን ለመምጣት ሁለት ሰዓት በእግር፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል በሚኒባስ ይጓዛሉ። «አቤት ዶክተር» ብለው አነሱት። ቅጹ በሚያዘው ቅደም ተከተል ጠየቅኳቸው። ደህና ነዎት አባባ? «እግዜር ይመስገን።» ኪኒኑን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ? «ኧረ እወስዳለሁ።» እግርዎ ላይ ቁስል አለ? «የለም፣ ደህና ነኝ።» ከበስተጀርባቸው ጫጫታ ይሰማል። አንዲት ሴት «ሠላሳ ሁለት ቁጥር!» ብላ ስትጣራ ድምጿን በሁለቱም ጆሮዬ ሰማሁት፤ በግራው በስልኩ፣ በቀኙ በመስኮቱ። ቀና ብዬ ሳይ ሰውየው ከክፍሌ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የፋርማሲው ሰልፍ ውስጥ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቆመዋል።

ወጥቼ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ኮንጎ ጫማቸውን ሳስወልቃቸው ከቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር ሳንቲም የሚያህል ቁስል አለ፤ ጫማው ውስጥ ደግሞ ባቄላ የምታህል ጠጠር። ስንት ቀን እንደረገጧት እግዜር ይወቅ። «የለም» ያሉኝ ዋሽተው አይደለም። እግራቸው በስኳሩ ደንዝዟል፤ ጠጠር ይቅርና ምስማር ቢወጋቸው አይሰማቸውም። ቁስሉን አጥበን ሕክምና ጀመርንላቸው፤ ያ እግር ለጊዜው ተርፏል። ታብሌቱ ላይ ግን የዚያን ቀን የተመዘገበው «ቁስል፦ የለም» የሚለው ነው፤ ጥሪው ከተዘጋ በኋላ ቅጹ አይታረምም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ባለፈው ዓመት በጻፋችሁልን ሰርኩላር ውስጥ ነው። ሰርኩላሩ «የተረጋጉ» የስኳር ታካሚዎች በአካል የሚታዩት በስድስት ወር አንዴ እንዲሆን፣ በመካከሉ ሐኪሙ በየወሩ በስልክ እንዲከታተላቸው ያዛል። የተሰጠው ምክንያት የታካሚውን እንግልት መቀነስ ነው፤ ሐሳቡን ማንም አይጠላውም። ነገር ግን ስለ መድኃኒት አንድ ቃል አይልም። ፋርማሲው እንደ ድሮው የሚያድለው የአንድ ወር ነው፤ የጤና መድን ተጠቃሚው ደግሞ መታወቂያውን ይዞ ራሱ ካልቀረበ አይስተናገድም። ስለዚህ ሰውየው ዛሬም በየወሩ ያንኑ መንገድ ይመጣሉ። የቀረባቸው መንገዱ ሳይሆን እኔ ዘንድ መግባቱ ነው። በደጄ አልፈው መስኮቱ ጋ ይሰለፋሉ፣ ኪኒናቸውን በፌስታል ይዘው ይመለሳሉ፤ እኔ ደግሞ ቤታቸው እንዳሉ ቆጥሬ እደውላለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳን ግን ሰርኩላሩ ብቻ አይደለም። በቅርቡ በተጠራው የግምገማ መድረክ ላይ የአሥሩ ወር አፈጻጸም ሲቀርብ፣ የስልክ ክትትሉ ያልተሳካበት ዋና ምክንያት ተብሎ በትልቁ የተጻፈው «የጠቅላላ ሐኪሞችና የጤና መኮንኖች የአመለካከት ክፍተት» የሚል ነበር። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው የሦስት ቀን የአመለካከት ግንባታ ሥልጠና ነው። አዳራሹ ውስጥ ከነበርነው አብዛኞቻችን እርስ በርስ ተያየን፤ አንድ ባልደረባዬ «አበሉ ስንት ነው?» ብሎ ሹክ ሲለኝ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ነው የከነከነኝ።

ማስረጃ የተባለው መጠይቅ ትዝ ይለናል። «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» እያለ የሚወርድ፣ በሃያ ደቂቃ ሞልታችሁ መልሱ የተባልነው ነው። «ቴሌሜዲስን የሥራ ጫናን ይቀንሳል» ለሚለው «አልስማማም» ብዬ ከብቤያለሁ፤ ምክንያቱም የእኔን አልቀነሰም። «በስልክ የሚሰጥ ሕክምና በአካል ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው» ለሚለውም እንዲሁ፤ ምክንያቱም ስልክ እግር አያይም። ለካ እያንዳንዱ «አልስማማም» እንደ መጥፎ አመለካከት ነጥብ ሲደመር ኖሯል። «ለምን?» የሚል ባዶ መስመር መጠይቁ ላይ አልነበረም። እንግዲህ ያን ባዶ መስመር እዚህ እንሞላዋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ቁጥር የለንም። በስልክ የስኳር ሕመምን መከታተል ማለት ስለ አንድ ቁጥር መነጋገር ማለት ነው፦ ጠዋት ሳይበሉ ስንት ነበር፣ ከምግብ በኋላስ፣ ሌሊት ወርዶ ያውቃል ወይ? ታካሚዎቼ ግን አብዛኞቹ ቤታቸው መለኪያ የላቸውም፤ መለኪያ ያላቸውም ስትሪፕ፣ ማለትም የደም ጠብታ የሚነካባትና አንዴ ብቻ የምታገለግለው የመለኪያው ቁራጭ፣ የላቸውም። ባለ 50 ፍሬ እሽግ በቀን አንዴ ብቻ ለሚለካ ሰው ሁለት ወር አይሞላም፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ በቀን አንዴ መለካቱ አይበቃውም። የሆስፒታላችን ፋርማሲ ስትሪፕ ለታካሚ አያድልም፤ ከግል መድኃኒት ቤት ግዙ ስንላቸው ምርጫቸው በስትሪፕና በጤፍ መካከል ይሆናል። ስለዚህ «ስኳርዎ ስንት ገባ?» ስላቸው የሚመልሱልኝ «ዶክተር፣ እሱንማ እናንተ ናችሁ የምትነግሩን» ነው። ወይም ደግሞ «ሲነሳ ይታወቀኛል፣ አፌ ይደርቃል፤ አሁን ደህና ነኝ» ይሉኛል። አፍ መድረቅ የሚጀምረው ስኳሩ ወደ 200 ከተጠጋ በኋላ መሆኑን፣ ከዚያ በታች ግን ዓይንንና ኩላሊትን ድምፅ ሳያሰማ እንደሚበላ በሁለት ደቂቃ ስልክ ማስረዳት ከባድ ነው።

የታብሌቱ ቅጽ ግን «የዛሬ የስኳር መጠን» የሚለው ሳጥን ካልተሞላ አይዘጋም። እዚህ ላይ የምናገረው የሚያኮራ አይደለም፤ ሆኖም ካልተነገረ ደብዳቤው ዋጋ የለውም። ብዙዎቻችን ባለፈው ጊዜ በአካል ሲታዩ የተለኩትን ቁጥር መልሰን እንሞላለን። እኔም አድርጌዋለሁ። በግምገማው ላይ «በስልክ ክትትል ላይ ያሉ ታካሚዎች ስኳር አልተለዋወጠም» ተብሎ የታየው ቀጥ ያለ መስመር ከየት እንደመጣ አሁን ታውቃላችሁ፤ ከወራት በፊት የተለካው ቁጥር ነው በየወሩ እየተገለበጠ የቀረበላችሁ። ለዚህ የሚጠየቅ ካለ እኛ ነን። መለኪያ ሳይሰጥ ቁጥር የሚጠይቀውን ቅጽ ያዘጋጀውም አካል ግን አብሮን ይጠየቅ።

«የተረጋጋ» የሚለው ቃልም ያስቸግረናል። በሰርኩላሩ መሠረት የተረጋጋ የሚባለው በሦስት ተከታታይ ቀጠሮ የጾም ስኳሩ ከ130 በታች የሆነ ታካሚ ነው። ክትትል ክፍል አንድ ወር የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ታካሚ የቀጠሮው ሰሞን ጨዋ ይሆናል። ሳምንቱን እንጀራውን ይቀንሳል፣ ጠላውን ይተዋል፣ የረሳውን ኪኒን ያስታውሳል። ለዚህ ነው የሦስት ወሩ ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ የምንለው፣ የሚያስፈልገው፤ ቀይ የደም ሴል ሦስት አራት ወር ስለሚኖር በእሱ ላይ የተለጠፈው ስኳር የቀጠሮውን ሰሞን ሳይሆን የከረመውን ይናገራል። እኛ ጋ ማሽኑ የለም። ለምርመራው ወደ ዞኑ ከተማ እንልካለን፤ ከላክናቸው የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚያ ከጥቂቶቹ አንዷ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ በሦስት ቀጠሮ 118፣ 124፣ 121 አምጥተው በስልክ ዝርዝሩ ላይ «አረንጓዴ» ሆነው ተቀምጠዋል። ውጤታቸው 11 ከመቶ ሆኖ መጣ። ከ7 በታች እንዲሆን ነበር የምንፈልገው።

ሌላው የጾም ነገር ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሰርኩላሩን ሲረቅ በቦታው የነበረ አይመስለንም። ታካሚዎቻችን በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳን ቀኑን ሙሉ ይውላሉ። «ሐኪም አይፈቅድም» እንደምንላቸው ስለሚያውቁ በስልክ አይነግሩንም። ክፍል ሲገቡ ግን የከንፈራቸው መድረቅ፣ የሰዓቱ መርፈድ፣ አብራቸው የመጣችው ልጅ ዓይን ይነግረናል፤ ያኔ ተጨቃጭቀንም ተለማምጠንም፣ አንዳንዴ የንስሐ አባታቸውን አስገብተን፣ ወይ ጾሙን ወይ የመድኃኒቱን ሰዓት እናስተካክላለን። ባለፈው ሁዳዴ አንዲት እናት ስኳር የሚያወርደውን ኪኒናቸውን፣ ግሊቤንክላማይድን፣ እንደልማዳቸው በማለዳ ውጠው ጾማቸውን ዋሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ልጃቸው በግል ስልኬ ደወለች፦ «ዶክተር፣ እማዬ ላብ በላብ ሆና የማይገናኝ ነገር ታወራለች።» መዋጥ ትችላለች ወይ አልኳት። ትችላለች። ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጫት፣ ስልኩን አትዝጊ አልኳት። ሩብ ሰዓት ያህል አብሬያት ቆየሁ፤ «ዓይኗን ገለጠች፣ ስሜን ጠራች» አለችኝ። መድኃኒቱ ገና ከሰውነት ስላልወጣ ስኳሩ ተመልሶ እንደሚወርድ ነግሬያት በባጃጅ አመጧቸው፤ አሳደርናቸው፤ በማግሥቱ ኪኒኑን ቀየርኩላቸው።

ስልክ ሕይወት እንደሚያድን እንግዲህ ለእኔ ማንም ሊያስተምረኝ አይገባም። ግን ልብ በሉ፤ ያቺ ጥሪ በእናንተ ሪፖርት ውስጥ የለችም። ከታብሌቱ አልወጣችም፣ የተደወለው ወደ እኔ ነው፣ ስልኩም የራሴ ነው። ጉዳዩ ሌላም ጎን አለው። እናትየው ሳይነቁ ቀርተው ቢሆን፣ ወይም ልጅቱ ስኳሩን ስትግታቸው ወደ ሳምባቸው ገብቶ ቢሆን፣ «ማን በስልክ እዘዝ አለህ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ፣ ከጎኔ የሚቆም ግን አንድም ጽሑፍ አልነበረም። በስልክ የኢንሱሊን መጠን መቀነስና መጨመር እንችላለን? እስከ ስንት ዩኒት? የት ይጻፋል? ስህተት ቢፈጠር ተጠያቂው ማነው? ሰርኩላሩ በየቀኑ ለስንት ሰው እንደምንደውል በቁጥር ሲያስቀምጥ ስለዚህ ምንም አይልም።

የሰው ምስጢርም አለ። የገጠር ስልክ የአንድ ሰው አይደለም። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የባል፣ የጎረቤት፣ የሱቅ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። አንዲት አዲስ ሙሽራ ኢንሱሊን እንደምትወጋ ለባሏ ብቻ ነግራ ለአማቶቿ ደብቃ ነበር። ከእኛ ቡድን አንዷ ነርስ በዝርዝሩ መሠረት ደውላ «ከስኳር ክትትል ክፍል ነው፣ እገሊትን ፈልጌ» ስትል ስልኩን ያነሱት አማቷ ነበሩ። ነርሷ ምንም አላጠፋችም፤ ቅጹ እንዲህ ብለሽ ጀምሪ ይላል። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ ቁጥሩም አይሠራም። ካርዷ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው፤ ኢንሱሊን ካቋረጠች ደግሞ በቀናት ውስጥ ምን እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግርም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው እንደሆነ በሕግ ተጽፏል። የታካሚውን ፈቃድ የምንጠይቅበት አንድ ገጽ ፎርም ግን እስካሁን አልደረሰንም።

ስለ ሥራ ጫና ብዙ አልልም፤ ልቅሶ እንዳይመስል። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተቋቋመ ነው፤ ጥሪው የተጨመረው በተመላላሹ፣ የተኙትን በምንጎበኝበት ራውንድና በተረኝነቱ ላይ ነው፣ አንዳቸውም ሳይቀነሱ። የአየር ሰዓቱን ከኪሳችን እንሞላለን። ኔትወርኩ ሲጠፋ ቀኑ «ያልተደወለበት» ተብሎ በእኛ ላይ ይቆጠራል፤ ዳታ ለወራት ተዘግቶ በቆየባቸው ወረዳዎች ያሉ ባልደረቦቻችንም አፈጻጸማቸው በቀይ ቀለም ነው የታየው።

እዚህ ላይ ይህ ሁሉ ነገሩን ለመቃወም ሰበብ ነው የሚል ይኖራል። አይደለም። በ2012 ኮሮና ሲገባ፣ መንገዱም ሆስፒታሉም ሲፈራ፣ ማንም ሳያዘን የሕክምና ካርድ አውጥተን በስልካችን ታካሚዎቻችንን የፈለግነው እኛው ነን። ዛሬም አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አለኝ፤ ከልጅነቱ ኢንሱሊን የሚወጋ ነው። አጎቱ ከውጭ በሰው እጅ ስትሪፕ ስለሚልክለት ጠዋትና ማታ ይለካል፤ ዓርብ ዓርብ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። በፈተና ሰሞን ሌሊት ሌሊት እየወረደበት መሆኑን ከዚያ ፎቶ አይቼ የማታውን ኢንሱሊን ቀነስኩለት፤ ትምህርት ሳይቀር፣ መንገድ ሳይወጣ። ይህ ልጅ ስልክ ብቻ ስላለው አይደለም የተሳካለት። ቁጥር አለው፣ እኔን በአካል ያውቀኛል፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ «ደህና ነኝ» ሲል መቼ ደህና እንዳልሆነ ከድምፁ እለያለሁ።

አገራችንም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ጥቁር አንበሳና የነቀምት ሆስፒታል ከህንድ ሃይደራባድ ሐኪሞች ጋር በመስመር የተገናኙት የዛሬ ሁለት አሥርት ዓመት ገደማ ነው። ከዚያም በፊት በጎንደርና በጅማ፣ የእጅ ስልክ ባልተስፋፋበት ዘመን፣ የስኳር ክትትል ከትልቁ ሆስፒታል ወጥቶ በሠለጠኑ ነርሶች እጅ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ ተደርጓል። ርቀትን ማሳጠር ማለት ለእኔ ያ ነው፤ የሚያየውን ዓይንና የሚነካውን እጅ ወደ ታካሚው ማቅረብ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የዲጂታል ጤና መመሪያ ታካሚና ባለሙያ በርቀት የሚገናኙበትን አሠራር የደገፈው በአካል የሚሰጠውን አገልግሎት እንዲያግዝ እንጂ እንዲተካ አይደለም ብሎ ነው። እኛም መጠይቁ ላይ «አልስማማም» ስንል ያልነው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

መጀመሪያ፣ ቀጠሮና መድኃኒት ይገናኙ። በስልክ የሚታይ ሰው የሦስት ወር ኪኒን በአንዴ ይሰጠው፤ ጤና መድኑም በዚያው መንገድ እንዲከፍል ከሚመለከተው ጋር ተነጋገሩ። ይህ እስኪሆን ግን በየወሩ ለመድኃኒት የሚመጣ ሰው ፋርማሲ ከመሄዱ በፊት በክትትል ክፍሉ ይለፍ፤ ጫማውን አውልቆ፣ ስኳሩንና ግፊቱን ተለክቶ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ኢንሱሊን ግን ማቀዝቀዣ በሌለው ቤት ሦስት ወር ይቀመጥ ማለት አይቻልም፤ በእንስራ ጥላ ሥር የሚያኖሩትን ብልቃጥ አይተናል፤ ለእነሱ በቅርባቸው ጤና ጣቢያ በየወሩ የሚታደልበት መንገድ ይዘርጋ።

ሁለተኛ፣ ስትሪፕ። ለሁሉም ማዳረስ ካልተቻለ ኢንሱሊን ከሚወጉት፣ ከልጆችና ከነፍሰ ጡሮች ይጀመር። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 የተቀበለው ግብ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ኢንሱሊንም የራስ መለኪያም በሚችለው ዋጋ ያግኝ ይላል፤ ሁለቱን አልለያቸውም። «የዛሬ የስኳር መጠን» የሚለው ሳጥንም «አልተለካም» የሚል ምርጫ ይጨመርበት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገ ጠዋት ሊሠራ ይችላል፤ እኛም ከመዋሸት እንገላገላለን።

ስልኩን ደግሞ በሁለት ባለሙያዎች መካከል አድርጉት። ታካሚው በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ነርሷ ትለካው፣ እግሩን ትየው፣ የተወጋበትን ቦታ አበጥ ብሎ እንደሆነ ትዳብሰው፣ ከዚያ እሱ ፊቷ ተቀምጦ ሳለ ለእኔ ትደውል። ለነርሷ ሥልጠና፣ የአየር ሰዓትና አንድ መለኪያ ያስፈልጋታል። ከእኔም ወደ ላይ መስመር ይኑር፤ ሪፈራል ሆስፒታል ያለው የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት በሳምንት ሁለት ሰዓት የእኛን ጥሪ የሚቀበልበት ቀን ይመደብ። በሐኪምነት በሠራሁባቸው ስድስት ዓመታት ርቀቱ ያስለቀሰኝ ሌሊት ሁሉ የምጠይቀው ሰው ያጣሁበት ሌሊት ነው።

በስልክ ምን ማዘዝ እንደምንችል፣ የት እንደምንመዘግብና ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ የሚገልጽ የተፈረመበት መመሪያ፣ እንዲሁም የታካሚ ፈቃድ ቅጽ ይላክልን፤ ቅጹ «በዚህ ቁጥር ማን ያነሳል? ስለ ሕመምዎ ማን ያውቃል?» ብሎ ይጠይቅ። ለጥሪው በሳምንት ግማሽ ቀን ከተመላላሽ ነፃ እንሁን። ለእያንዳንዱ ዞን ቢያንስ አንድ ተጨማሪ የኤችቢኤዋንሲ ማሽን ይመደብ፤ እስከዚያው «የተረጋጋ» የሚለው ውሳኔ ለሚያክመው ሐኪም ይተው።

በመጨረሻም፣ የተሰበሰበው መጠይቅ ከነጥያቄዎቹ ለሁላችንም ይሰጠን፤ «የአመለካከት ክፍተት» የሚለውም ከዓመታዊ ሪፖርቱ ይውጣ። ለሥልጠናው የተያዘው በጀት ስትሪፕ ይገዛበት። ይህ ደብዳቤ በእጃችሁ በገባ በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን፤ ከመካከላችን ሦስት ሰው ወክለን ለመወያየት ዝግጁ ነን፤ በአካል ቢሆን እንመርጣለን፣ በስልክም ቢሆን እንመጣለን።

ከሰላምታ ጋር

በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች
በስኳር ሕመም ክትትል ክፍል የምንሠራ
ጠቅላላ ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች

ግልባጭ፦
ለየሆስፒታሎቻችን ሜዲካል ዳይሬክተሮች
ለየፋርማሲ ክፍሎቻችን
በፋርማሲው ሰልፍ ላይ ለቆማችሁ ታካሚዎቻችን